በልዕልቲቱ በር ላይ ያለው ምስማር

እኛ በጀርመን አገር፣ ሆሄንሎሄ ውስጥ ግንብ እንደ ድንች ነው፤ የትም ብትቆፍር ይወጣል። ከሁሉም ግን የፋልክንብሩንን ቤተ መንግሥት የሚያህል የለም፤ ፋልክንብሩንን ከሚያስጎበኙትም እኔን የሚያህል የለም። እዚያ ያለሁት አስጎብኚ እኔ ብቻ መሆኔን የሚያነሱ ምቀኞች አሉ። ያንሱ።

ስሜ ኦትማር ሃይንሌ ነው። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ከሩቅ ላየኝ ግን ከአርባ አልዘልም። የቤተ መንግሥቱን ቁልፍ፣ ክንድ የሚያህለውን፣ እሺ፣ መዳፍ የሚያህለውን የብረት ቁልፍ፣ ወገቤ ላይ አንጠልጥዬ ለሃያ ሁለት ዓመት ሕዝብ ሳስጎበኝ ኖሬያለሁ። አንድ ሚሊዮን ሰው ቢሆን ነው። ያለዚያ ቁልፍ እኔ ማን ነኝ? ገበያ ላይ ጮክ ብሎ የሚያወራ አንድ ሰውዬ።

ዶክተር ጉድሩን ዛይፈርት ልትነጥቀኝ የተነሳችው ይህንኑ ቁልፍ ነው።

ሴትዮዋ የታሪክ ምሁር ናት። ባለፈው ጸደይ የቤተ መንግሥቱ ኃላፊ ሆና ስትመጣ አብሯት የመጣው አንድ ሰማያዊ ማኅደር ብቻ ነበር፤ መጸው ሲገባ ያ ማኅደር በእኔ ውሸቶች ተሞልቷል። የመጨረሻውን ያቀበላት አንድ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። በሚያዝያ መጥቶ፣ በልዕልቲቱ ባለ ወርቅ በር ላይ ያለው ምስማር ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ባርኔጣቸውን የሰቀሉበት ነው አልኩት። በሰኔ የልጅ ልጆቹን ይዞ ተመለሰ፤ አንድ ጄኔራል ሰይፉን የሰቀለበት ነው አልኩት። አንድን ግንብ ሁለት ጊዜ የሚጎበኝ ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

«እሁድ ከጎብኚዎቹ ጋር እከተልዎታለሁ» አለችኝ ዶክተሯ። «አንዲት የፈጠራ ቃል ከአፍዎ ብትወጣ ቁልፉን እዚያው ያስረክቡኛል።»

«አንዲት?»

«አንዲት።»

«ግማሽስ ብትሆን?»

«አቶ ሃይንሌ!»

እሁድ ጠዋት አሥራ ዘጠኝ ሰው መጣ። ሌላ ቀን ቢሆን ሠላሳ እላችሁ ነበር። ዶክተሯ ከሁሉም ኋላ ቆመች። እንደ ደንቡ ለሁሉም የሱፍ ነጠላ ጫማ አደልኩ። የእንጨቱ ወለል እንዳይጫር፣ ጎብኚ ሁሉ በገዛ ጫማው ላይ ጀልባ የሚያህል የሱፍ ጫማ አጥልቆ እየተንሸራተተ ይሄዳል።

«ወለሉ እንዴት እንደሚያበራ አያችሁ?» አልኳቸው። «ሠራተኛ ቀጥረን አይደለም። የምትወለውሉት እናንተ ናችሁ።»

ሳቁ። እውነት ነበር። በእውነትም ማሳቅ ይቻላል ማለት ነው ብዬ ልቤ ሞላ።

ግን አልቀጠለም። የምግብ አዳራሹ ሥዕል ማን እንደሣለው አይታወቅም፤ አይታወቅም አልኩ። ትልቁ ሰዓት አይሠራም፤ አይሠራም አልኩ። ከሃይልብሮን የመጣ አንድ ጠብደል ሰውዬ ወደ ሚስቱ ዘንበል ብሎ «ለዚህ ለዚህማ ቤቴ ቁጭ ብዬ ግድግዳ ባይስ?» ሲል ሰማሁት።

«ሰው አልተገደለበትም እንዴ?» ብላ ሚስቱ ጠየቀችኝ።

«አልተገደለበትም።»

«መንፈስስ? ነጭ የለበሰች ሴት ምናምን?»

ዶክተሯን አየኋት። እስክሪብቶዋን ከፍታለች።

«የለችም» አልኩ። ያቺን ነጭ የለበሰች ሴት ሃያ ሁለት ዓመት ያኖርኳት እኔ ነበርኩ፤ በገዛ አፌ ቀበርኳት።

እንዲህ እያዛጋን ከላይኛው ፎቅ ደረስን። ረጅም ኮሪደር ነው፤ ግራና ቀኝ ክፍሎች፣ መጨረሻው ላይ የልዕልት አዴልሃይድ በር። ከላይ እስከ ታች በወርቅ የተለበጠ ነው፤ መሀሉ ላይ ግን አንድ ተራ፣ ጎባጣ ምስማር ተመትቶበታል።

«ይሄስ ምስማር?» አለ ጠብደሉ።

ለዚህ ምስማር አሥራ አንድ መልስ ነበረኝ። ሁሉም ያማሩ፣ ሁሉም የተከለከሉ። አሥራ ሁለተኛውን፣ እውነተኛውን፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ንጉሠ ነገሥት የለበትም፣ ሰይፍ የለበትም፤ ያለው የአያቴ መጥረጊያ ነው። እኔን የሚያህል ሰው ከመጥረጊያ ተወለደ ይባልልኝ? እንደዚያ ነበር የማስበው።

«አያቴ ናት የመታችው» አልኩ።

የዶክተሯ እስክሪብቶ ቆመ።

«አያቴ ሌዎፖልዲነ ትባላለች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ ከሌሎች ጀርመኖች ጋር ከቦሄሚያ ተባርራ፣ እናቴን አርግዛ፣ በእጅ ጋሪ መጣች። ቤት የሌለውን ሁሉ እዚህ ኮሪደር ላይ አሰፈሩት። አርባ ቤተሰብ...»

«አሥራ አራት» አለች ዶክተሯ። «መዝገቡ የሚለው አሥራ አራት ነው።»

«አሥራ አራት» አልኩ።

«ይቺን በግማሽ ቃል እይዛታለሁ። ይቀጥሉ።»

ቀጠልኩ። የደረጃ መጥረግ ተራ በእኛ አገር ምን እንደሆነ ከጎብኚዎቹ መሀል የማያውቅ አልነበረም። ትንሿ የእንጨት ሰሌዳ በርህ ላይ ተሰቅላ ካገኘሃት ሳምንቱ ያንተ ነው፤ አትጠይቅም፣ መጥረጊያህን ታነሳለህ። ስትጨርስ በሚቀጥለው በር ላይ ትሰቅላታለህ። አያቴ ግን የሰው አገር ሰው ናት። የቤተ መንግሥቱ አዛዥ ሰሌዳዋን ሲሰጣት «ስትጨርሺ ቀጥሎ ያለው በር ላይ ስቀያት» አላት፤ ሌላ ነገር አልነገራትም። የአያቴ ክፍል ደግሞ ከአሥራ አራቱ የመጨረሻው ነበር። ሰሌዳዋ ወደ መጀመሪያው በር መመለስ ነበረባት። ይህን እዚህ የተወለደ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፤ አያቴ ግን የተባለችውን አደረገች። ከእሷ ቀጥሎ ያለው በር ያኔ እዚያው ትኖር የነበረችው የልዕልቲቱ ነበር። ወርቁ ላይ ማንጠልጠያ ስታጣ ምስማር አመጣች፣ በጫማዋ ተረከዝ መታችው።

«አምላኬ!» አለች የጠብደሉ ሚስት። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ ልዕልቲቱ በሯን ከፈተች። ሰሌዳዋን አየች፣ አያቴን አየች። ‹ሳምንቱ የኔ ነው ማለት ነው?› አለች። አዎ ተባለች። ሻሽ አሰረችና መጥረጊያ አንስታ ወረደች። አዛዡ ያን ሲያይ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ‹እግርዎን ያንሱልኝ፣ ልጥረግ› አለችው።»

ኮሪደሩ በሳቅ ተናጋ። ዶክተሯ ግን እጇን ዘረጋች።

«ቁልፉን፣ አቶ ሃይንሌ።»

«እውነት ነው እኮ!»

«መቶ ስልሳ ሁለት ሳጥን ሰነድ አንብቤያለሁ። መጥረጊያ የያዘች ልዕልት አላገኘሁም።»

«ሰሌዳዋ አለች። እናቴ ቤት።»

«ዛሬ ማታ ደግሞ ተቃጠለች ይሉኛል።»

«የት ነው ቤቱ?» አለ ጠብደሉ።

«ከዳቦ ቤቱ አጠገብ። አምስት ደቂቃ።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን? እንሂዳ!»

ሃያ አንድ ሆነን ወጣን። የሱፍ ጫማውን ማንም አላስታወሰም። በፋልክንብሩን ዋና ጎዳና፣ ዝናብ ባረጠበው ኮብልስቶን ላይ፣ እንደ ዳክዬ እየተንሸራተትን ወረድን። የመንደሩ መጋረጃ ሁሉ ተከፈተ። ዶክተሯ ማኅደሯን እንዳቀፈች፣ በጀልባዎቿ ላይ፣ ከፊት ከፊት ትሄድ ነበር።

እናቴ ሄድቪግ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። የፕሪም ኬክ እየጋገረች ስለነበር እጇ ዱቄት ነው። ሕዝቡን አየች፣ የሕዝቡን እግር አየች።

«ኦትማር፣ ደግሞ ምን ዋሽተህ ነው ይሄን ሁሉ ሰው ያመጣህብኝ?»

«እማዬ፣ ዛሬ አልዋሸሁም።»

«አመመህ እንዴ?»

«የአያቴን ሰሌዳ ፈልገን ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ? ተደግፈኸው ቆመህ!»

ዞር አልኩ። ሳምንቱ የእናቴ ነበር፤ ሰሌዳዋ በራችን ላይ ተሰቅላለች። እናቴና ላይኛው ፎቅ ያለው ተከራይ ዛሬም ተራቸውን የሚለዋወጡት በእሷ ነው። አወረድኳትና ገለበጥኳት። በጀርባዋ በእርሳስ የተጻፉ አሥራ አራት ስሞች አሉ፤ ከየስማቸው አጠገብ የጠረጉበትን ሳምንት የሚያሳይ ምልክት። ከሁሉም በታች አሥራ አምስተኛ ስም አለ፦ አዴልሃይድ። ማዕረግ የለውም። ከአጠገቡ በአያቴ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «ጥጉ አልተጠረገም። ይደገም።»

ዶክተሯ መነጽሯን አውልቃ በሸሚዟ ጠረገች፤ መልሳ አደረገች፤ እንደገና አነበበች።

«ይህ የልዕልቲቱ የእጅ ጽሑፍ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ስሟን ራሷ ናት የጻፈችው። አ-ዋን የትም አውቃታለሁ።» ቀና አለች። «ደገመች?»

«ደገመች እንጂ!» አለች እናቴ። «እናቴን እምቢ የሚል ማን አለ? ጥጉን በማንኪያ ነው የፋቀችው። እስክትሞት ድረስም ተራዋን አልዘለለችም። ይሄ ልጄ ታዲያ እኔን ከቤተ መንግሥቱ የሚያብረቀርቅ መብራት ሥር ነው የተወለደችው አላላችሁም?»

«አላልኩም!»

«ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው የተወለድኩት። ያላልከው ጊዜ አጥተህ ነው እንጂ ትል ነበር።»

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። ቁልፉን ከወገቤ ፈትቼ ይዤው ነበር። አየችው።

«መልሰው ያንጠልጥሉት» አለችኝ። ከዚያ ለእናቴ፦ «እማማ፣ ይህን ሰነድ ለቤተ መንግሥቱ ቢሰጡን...»

«ሰነድ አይደለም፣ የኔ ልጅ፤ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳ ደግሞ ለጌጥ አይሰቀልም፤ ተራ ያለበት ሰው ያስፈልገዋል። ደግሞ በዚህ ጭቃ ጫማ ተመልሳችሁ የልዕልቲቱን ወለል ልትረግጡ ነው?»

ሁላችንም እግራችንን አየን። ቀና ስንል እናቴ እርሳስ አውጥታ፣ ዶክተሯ «ኧረ እንዳይጽፉበት!» ብላ ከመጮኋ በፊት፣ ከአዴልሃይድ ሥር ሁለት ስም ጨምራለች፦ ኦትማር። ጉድሩን።

ሰሌዳዋ ዛሬ በወርቁ በር ላይ፣ በአያቴ ምስማር ላይ ተሰቅላለች። ታሪኩን እንዳለ ነው የምናገረው፤ አሥራ አራት ቤተሰብ እላለሁ። ሕዝብ በበዛበት እሁድ አሥራ ስድስት ብል ግማሽ ቃል ናት፤ ዶክተሯም በግማሽ አትጣላኝም። ጎብኚ በእጥፍ ጨምሯል፤ እኔ ስናገር በአሥር እጥፍ።

የመጀመሪያው ሳምንት የእኔ ነበር። በዚያ ደረጃ ላይ መላእክት ቢወርዱበት ያንሸራትታቸው ነበር፤ እንደዚያ ነው የጠረግሁት። ባለፈው ሳምንት ዶክተሯ ሻሽ አስራ፣ ማኅደሯን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ጠረገች። ቅዳሜ ቁልፌን እያቃጨልኩ ወረድኩና ጎንበስ ብዬ ጥጉን አየሁት።

ከዚያ እርሳሴን አወጣሁ።