ጥምጣም የመሰለችው ሳምቡሳ

ወይዘሮ አመተ ሥላሴ በልተው ጣታቸውን ሲጠራርጉ ጎረቤታቸው ራዲያ በሩን ሳታንኳኳ ገፍታ ገባች። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራትቷል። ዓይኗ በቀጥታ መደቡ ላይ ወደተቀመጠው ሰሃን ሄደ፤ ሰሃኑ ባዶ ነው።

"በለጥሻቸው፣ እስቲ ነይማ ወዲህ" አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

በለጥሻቸው ሰሃኑን ልታነሣ ጎንበስ ብላ ነበር። ፊቷ በደስታ በርቷል፤ ቢበራም አይፈረድባትም። አማቷ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ከጎጃም ከመጡ ወዲህ ጠግበው ሲበሉ ያየችው ዛሬ ገና ነው። ባላቸው ሞተው ተዝካራቸው እንደወጣ ልጃቸው ኪዳነ ማርያም "ብቻዎን አይቀመጡም" ብሎ አስመጣቸውና አውቶቡስ ተራ ሄዶ ተቀበላቸው። ከዚያ ወዲህ ግን ሽሮም ቀረበ ክክ፣ ከሁለት ጉርሻ አያልፉም። "ጉሮሮዬ ተዘግቷል፤ በከንቱ አትልፊ ልጄ" ይሉና እጃቸውን ይታጠባሉ። ኪዳነ ማርያም ማታ ከአቡጀዲ ሱቁ ሲመለስ ገና ደፉን ሳያልፍ "በሉ?" ብሎ ይጠይቃል። በለጥሻቸው ያቺን አንዲት ቃል እንደ ዕዳ ፈርታታለች። የአማቷ ክሳት ከእሷ እጅ የመጣ ይመስላታል፤ ማንም ግን እንዲህ ብሏት አያውቅም።

ሰሃኑን እንደያዘች ወጣች። ራዲያ በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችውና የሰሃኑን ጠርዝ በጣቷ ነካች።

"ይኼ ሰማያዊ ነው።"

"ታዲያ ቢሆንስ?"

"ሰማያዊው የኔ ነዋ! ያንቺ አበባ ያለበት እኔ ቤት ነው ያለው። አሁን ገና የጨርቁ ጫፍ ገለጥ ሲል ጠርዙን አየሁት።"

በለጥሻቸው ባዶውን ሰሃን ገልብጣ አየችው።

በዚያ ዓመት፣ በ1952፣ ሁዳዴና ረመዳን በሳምንት ልዩነት ተከታትለው ገብተው ነበር። ከተክለ ሃይማኖት ወደ መርካቶ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ በአንድ ግቢ ውስጥ በር ለበር የሚኖሩት ሁለት ሴቶች በአንድ ጊዜ ጾመኛ ሆኑ። ሳምቡሳው የራዲያ ሐሳብ ነው። "ሽሮ የሰለቸው ሰው ሽሮ ብትጨምሪበት ምን ይፈይዳል? አዲስ ነገር ሞክሪላቸው" አለቻት። ለራዲያ ቤት ማፍጠሪያ ሥጋ ያለበት፣ ለአማትየው በኑግ ዘይት የሚጠበስ ምስር ያለበት። እናም በጧት ሁለት የከሰል ምድጃ ጎን ለጎን አቀጣጠሉና በየመጥበሻቸው ሥራ ጀመሩ።

ሳቁ የመጣው ከቅምሻው ነው። አንዷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሌላዋ እስከ መግሪብ እህል ውሃ አይቀምሱም።

"ጨዉን ማን ይወቀው?" ብላ ነበር በለጥሻቸው።

"አፍንጫሽ ምን ይሠራል? አሽትቺዋ!"

አጠፋፉ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። የራዲያ ሊጥ ሦስት ማዕዘን ሆኖ፣ ጫፉ ሹል ብሎ ይወጣል። የበለጥሻቸው ግን እንቢ አለ፤ ምስሩ ባንድ በኩል ሲደበቅ በሌላው ብቅ ይላል። በመጨረሻ ሊጡን ዙሪያውን ጠቅልላ ጠቅልላ ዘጋችው። ራዲያ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

"ይኼ ሳምቡሳ ነው ወይስ የመሪጌታ ጥምጣም?"

ጠብሰው እንደጨረሱ የበልግ ዝናብ ሳይታሰብ ወረደባቸው። እያንዳንዳቸው በጨርቅ የተሸፈነ ሰሃን አፈፍ አድርገው ወደየቤታቸው ሮጡ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በለጥሻቸው ለአማቷ ከነጨርቁ አቀረበችና ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ስትመለስ ሰሃኑ ተጠርጓል። ምን እንደበሉ፣ ቅርጹ ምን እንደሚመስል አላየችም፤ ባዶነቱ ብቻ ነበር ያስደሰታት።

አሁን ግን ያው ባዶነት አስፈራት። በሁዳዴ ሥጋ፤ ያውም የእስላም ሥጋ! እኚህ ሴትዮ በልጅነታቸው ጾም ከያዙ ጀምሮ ታመውም ወልደውም ፈትተው የማያውቁ ናቸው። ይኼን ቢሰሙ ቄደር ሳይጠመቁ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አይረግጡም፤ ከምራታቸው እጅም ዳግመኛ አይጎርሱም።

"እኔ በረመዳን የሰው ጾም ላስፈታ?" አለች ራዲያ እንባዋ እየመጣ። "አላህ ምን ይለኛል? ባሌ ሙህዲንስ ምን ይለኛል?"

ራዲያ ቤት ያለውን ሰሃን ጨርቁን ገልጦ ማየት ለሁለቱም አልታያቸውም። ድንጋጤ መቼ አእምሮ ይሰጣል!

"ባንነግራቸውስ?" አለች ራዲያ ቀስ ብላ። "እሳቸው አላወቁ፤ ኃጢአቱ በኔ ይሁን።"

በለጥሻቸው ሐሳቡ ልቧን አልሳበውም ቢባል ውሸት ነው። ማንም አያውቅም። አማቷ በልተዋል፤ ማታ ኪዳነ ማርያም "በሉ?" ሲላት "በሉ" ትላለች። ግን ነገ ጧት እኚህ ሴትዮ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ተክለ ሃይማኖት ሲሄዱ ከኋላቸው ሆና ምን ብላ ትሳለማለች?

"ምንድን ነው እሱ የምትንሾካሾኩት?" የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። "ጉሮሮዬ ቢዘጋ ጆሮዬም የተዘጋ መሰላችሁ?"

በለጥሻቸው ገባች። የጃንሆይ ፎቶግራፍ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ከተቀመጡት አማቷ ፊት ተንበርክካ ሁሉንም ተናገረች። ስለ ሰሃኑ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሥጋው። ስትጨርስ እግራቸውን ያዘች።

"አውቄ አይደለም እማማ። ይብሉልኝ ብዬ ነው።"

ራዲያ ደፉ ላይ እንደቆመች መሬት መሬቱን ታያለች። አሮጊቷ የማንንም ፊት አላዩም፤ የነጠላቸውን ጫፍ ጎትተው ቋጠሮውን በጣታቸው ያሹ ጀመር።

"እኔማ ምኑን አውቄ" አሉ በመጨረሻ። "ዓይኔ አያይ። ቃሪያው አፌን ሲለበልበኝ ጊዜ በላሁት በላሁት... ነፍሱን ይማረውና የልጆቹ አባት ከሞተ ወዲህ እንዲህ የጣመኝ ነገር የለም።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንዷን እንኳ ደብቄያታለሁ።"

"የት?" አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

አሮጊቷ እንደ ልጅ አፈሩ። ቋጠሮውን ፈቱ።

"ለኪዳኔ ብዬ ነው። ልጅ ሆኖ ሰርግ ቤት ስሄድ እንዲህ ነበር የማመጣለት።"

ከነጠላው ውስጥ የወጣችው ሳምቡሳ ማዕዘን የላትም። ዙሪያዋን ተጠቅልላ፣ ባንድ ጎኗ አብጣለች።

"ጥምጣም!" ብላ ጮኸች ራዲያ። "ወላሂ ጥምጣሟ ናት! እማማ፣ የበሉት ሁሉ እንዲህ ነበር?"

"ሁሉም እንዲህ ድቡልቡል ነበር። ሌላም ዓይነት አለው እንዴ?"

በለጥሻቸው ለሁለት ገመሰቻት። ምስር ከነቃሪያው መዳፏ ላይ ፈሰሰ። ያን ጊዜ እንባዋ መጣ፤ ከእንባው ጋር ሳቋም መጣ፤ የቱን ቀድማ እንደምታወጣ ጠፋት። ራዲያ ወደ ቤቷ በረረችና ወዲያው ተመለሰች።

"የኔው ነው! ሹል ሹሉ ሥጋዬ አንድም ሳይጎድል አለ!"

የሆነው ቀላል ነገር ነው። በዝናቡ የተለዋወጠ ምግብ አልነበረም። ከመጥበሻ ሲያወጡ አንዷ በቅርቧ ያገኘችውን የሌላዋን ሰሃን ስባ፣ ሌላዋም የቀረውን ወስዳ ኖሯል። በሳቅ መሃል ሰሃን የሚለይ ማን አለ!

"ተመስገን" አሉ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ አማትበው፤ ረጅም ትንፋሽ ወጣቸው። ቀጥለው ወደ ራዲያ ዞሩ። "አንቺም ልጄ ተቀመጪ፤ በጾም አፍሽ ሮጠሽ ደከመሽ። ደግሞ ልንገራችሁ፣ ጨው አንሷታል።"

"ማን ቀምሷት እማማ!" አለች ራዲያ፤ ሦስቱም ሳቁ።

ማታ ኪዳነ ማርያም ገና ከበር "በሉ?" አለ። በለጥሻቸው የተገመሰችውን ሳምቡሳ በእጁ አስቀመጠችለትና "እናትህን ጠይቃቸው" አለችው።

በማግስቱ ምድጃዎቹ እንደገና ጎን ለጎን ተቀጣጠሉ። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ በርጩማ አስወጥተው መሃላቸው ተቀምጠዋል፤ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ስለ ጨው ያሳስባሉ። ራዲያ እጇን አራግፋ የበለጥሻቸውን ሊጥ ሳበች።

"ዛሬስ ማዕዘኑን ሳላስተምርሽ አልለቅሽም። ቀላል ነው፤ እዪ፣ እንዲህ አጠፍ፣ እንዲህ መለስ።"

በለጥሻቸው አየች። እውነትም ቀላል ነው፤ ትናንት ያልገባት ዛሬ ገባት። እጇ የመጀመሪያውን እጥፋት ጀመረና ቆመ። ቀና ብላ አማቷን አየቻቸው።

"ተይኝ ራዲያ" አለች ሊጡን መልሳ እየዘረጋች። "የኔ እንደዚሁ ይሁን።"

ምስሩን መሃሉ ላይ አደረገችና ዙሪያውን ጠመጠመችው።