ከኋላ የቆመችው

"ኳሷን ከለጋሽ በኋላ ወደ ዳር ውጪ፤ መጋጨቱን ለሌሎቹ ተዪላቸው" አላት አሰልጣኙ እንደ ሁልጊዜው። ውባንቺ ሄልሜቷን አጥብቃ ተንደረደረችና ሞላላዋን ኳስ ሮም ዳርቻ ወዳለችው ኦስቲያ ሰማይ ሰደደቻት። የቡድን ጓደኞቿ ኳሷን ተከትለው ከነፉ። እሷ እንደታዘዘችው ወጣች።

ከአጥሩ ወዲያ ልዕልቲ ሳቀችባት። "በቃ? አንዴ መትተሽ ልትቀመጪ?"

"እስኪጠሩኝ ድረስ።"

"ውይ! ዘጠና ደቂቃ ሙሉ እየጮኽሽ ጆሯችንን ያደነቆርሽው አንቺ?"

ውባንቺም ሳቀች። የሴቶች እግር ኳስ ቡድናቸው በረኛ ሳለች ልዕልቲ ከፊቷ የምትቆም ተከላካይ ነበረች። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ሮም ውስጥ ቪያ ኩርታቶኔ ከሚባለው መንገድ ላይ ካለው የስደተኞች ሕንፃ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በፊት ፖሊስ ነዋሪዎቹን በግድ ከዚያ ሲያስወጣ ቡድኑም ተበተነ፤ አንዷ ስዊድን፣ ሌላዋ ሆላንድ፣ ልዕልቲ ጀርመን። ውባንቺ ፒኜቶ ሰፈር ሜዳ ላይ ብቻዋን ኳስ ስትለጋ ይህ አሰልጣኝ አያትና ወደ አሜሪካን ፉትቦል አመጣት። እግሯ ሥራ አገኘ። እጇንና ድምጿን ግን የሚፈልግ አልነበረም።

ልዕልቲ ፔርሜሶዋን፣ የጣልያን መኖሪያ ፈቃዷን፣ ለማሳደስ መጥታ ዛሬ ማታ ሮም ካለው የቲቡርቲና ጣቢያ በአውቶቡስ ልትመለስ ነው። ውባንቺ ልትሸኛት ቃል ገብታለች።

"ፍራንክፈርት ቡድን እያቋቋምን ነው" አለች ልዕልቲ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "በረኛ የለንም። ነይልን።"

"የማስታምማትን አሮጊት ሲኞራዬን ለማን ትቼ? ያለ እኔ ከአልጋዋ አትነሳም።"

"እኛንስ ለማን ተውሽን?"

"የሄዳችሁት እናንተ!"

"ወደን ነው እንዴ?"

ውባንቺ ወደ ሜዳው ዞረች። ቡድኗ ነጥብ አስቆጥሮ ስለነበር አሰልጣኙ እንደገና እንድትለጋ ጠራት።

ኳሷን ለጋች። ከተጋጣሚ በኩል አንዲት ረጅም ልጅ ተቀብላ መጣች። የውባንቺ ጓደኞች ሁሉ ወደ ቀኝ ሲሳቡ በግራ በኩል ሜዳው ባዶ ሆነ። ውባንቺ ከኋላ ሆና ሁሉንም አየች።

"ግራሽን! ግራሽን!" ብላ በአማርኛ ጮኸች። ማንም አልዞረም። ረጅሟ ልጅ ጥሳ ወጣች።

እንደታዘዘችው ለመውጣት የሜዳው ጠርዝ ቅርብ ነበር። ውባንቺ ግን ወደ ፊት ወጥታ መንገዱን አጠበበችና የልጅቷ እግር ሥር ተወረወረች። ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ። ፊሽካ ተነፋ።

"አብደሻል? ብትሰበሪ ማን ይመታልኛል?" አሰልጣኙ ከዳር አንባረቀ።

በግራ በኩል የምትሰለፈው ጆርጃ እጇን ይዛ አነሳቻት። "ምን ብለሽ ነበር የጮኽሽው?"

"ሲኒስትራ" አለች ውባንቺ፣ ግራ የሚለውን በጣልያንኛ።

"አሎራ፣ ታዲያ እንደሱ በይን እንጂ! ሁላችንንም የምታዪን አንቺ ብቻ ነሽ።"

ልዕልቲ ቦርሳዋን አንግታ አጥሩ ጋ ቆማለች። "ወደ ቲቡርቲና የሚወስደን ባቡር ሊሄድ ነው። ልብስሽን ቀይሪና እንሂድ።"

ውባንቺ ወደ እሷ ሄደች። "ጨዋታው አላለቀም፣ ልዕልቲ።"

"አትሸኚኝም?"

ውባንቺ በአሉታ ራሷን ነቀነቀች። ልዕልቲ በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ አቀፈቻት። "ይሄን ሁሉ ጥሩር ለብሰሽ ለማቀፍም አትመቺም" አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

ሄደች። ውባንቺ ከፊቷ ይልቅ የምታውቀው ይህን ጀርባ ነበር፤ ስንት ዓመት ከኋላው ቆማለች። ከሜዳው ወዲያ ያሉት ጥዶች እስኪሸፍኑት ድረስ አየችው።

"ነይ ተቀመጪ" አላት አሰልጣኙ ወንበሩን እያሳየ።

አልተቀመጠችም። መስመሩ ጫፍ ላይ ቆማ የምታየውን ሁሉ በጣልያንኛ መጮህ ጀመረች።