የጋሽ ካሣዬ ቀይ ነጥብ

ወንድሜ በድሩ ከጅማ ያመጣት አሮጌ ስፖርት ሞተር ሜዳ ላይ ትበራለች። በቴፒ መንገድ ግን ዳገቱ ላይ ትታፈናለች፣ በተቦረቦረው አስፋልት ላይ ደግሞ ትዘላለች። ስለዚህ እዚሁ አማን ከተማ ወዳሉት መካኒክ ወደ ጋሽ ካሣዬ ወሰዳት።

ጋሽ ካሣዬ የኋላውን የካቴና ጥርስ በትልቅ ቀየሩ፣ ከጎማው ንፋስ ቀነሱ፣ ንዝረት የሚያበርደውን የፊቱን አሞርዛተር አላሉ። ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው ባስተካከሉት ብሎን ሁሉ ላይ በሚስታቸው የጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አደረጉ፤ ግማሹ ብሎኑ ላይ፣ ግማሹ ዙሪያው ላይ። ሌላ እጅ ከነካው ነጥቡ ለሁለት ይከፈላል።

«ዳገቱን ወጣችው፤ ግን ሶፋ ሆነችብኝ» አለ በድሩ ከቴፒ ሲመለስ።

ሜካኒካል ምህንድስና ተመርቄ ሥራ ሳላገኝ ዓመት አልፎኛል። በማግስቱ ጠዋት በድሩ ቁርስ ሲበላ የሞተሯን መመሪያ ስልኬ ላይ ከፍቼ፣ ካቻቢቴ ይዤ ወጣሁ። ጎማውን መመሪያው በሚለው ልክ ነፋሁ። የፊቱን አሞርዛተር ብሎኖች ግራና ቀኝ፣ ቀጭ ባሉ ቁጥር እየቆጠርኩ አጠበቅኳቸው። ነጥቦቹ ሲከፈሉ አየሁ፤ ቀጠልኩ። የላብራቶሪ ልማድ ነውና ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ለበድሩ አልነገርኩትም። ልዩነቱን ራሱ አውቆ እንዲያደንቀኝ ፈልጌ ነበር።

በድሩ የዚያን ዕለት ወደ ቴፒ ሲነዳ ዝናብ ጥሎ ነበር። ኩርባው ላይ የፊት ጎማው ነጥሮ መሬት ለቀቀ፤ የበድሩ ትከሻ ተሰበረ።

አባቴ ሱቁ ለገባ ሁሉ «ካሣዬ አላልቶ ልጄን ሊገድልብኝ!» ይል ጀመር። በሳምንቱ ጋሽ ካሣዬ በር ላይ አንድም ሞተር አልቆመም። እኔ ደብተሬን ሸሸግኩ።

በመጨረሻ ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ ጋሽ ካሣዬ ጋራዥ ውስጥ ተቀመጡ፤ ሞተሯም መሃል ቆመች። ከአባቴ ኋላ ቆሜ ነበር።

«እስቲ ካሣዬ፣ ምልክትህን አሳየን» አሉ አቶ አስረስ፣ የሽማግሌዎቹ አንጋፋ።

ጋሽ ካሣዬ ጎንበስ ብለው የተከፈሉትን ነጥቦች አዩ። ቀና ብለው በድሩን አዩት፤ እሱ ግራ ገብቶታል። እኔን ሲያዩኝ መሬት መሬት አየሁ። ቤንዚን የነካ ጨርቅ አንስተው ነጥቦቹን ጠረጉ።

«ቆሽሿል፣ አይታይም» አሉ። «እጄ ስቶ ይሆናል። » ወደ አባቴ ዞሩ። «አቶ አሚኑ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ማስረጃቸውን ለእኔ ብለው አጠፉ። አባቴ ሊያቅፋቸው ሲነሳ ነው አፌ የተከፈተው።

«እኔ ነኝ ያጠበቅኩት።»

«ተዪ ላምያ» አለ አባቴ፤ ለሽማግሌዎቹም «አዝናላቸው ነው። ልቧ እንዲህ ነው» አላቸው።

ልቤ እንዲህ አይደለም። «ከአራት ወደ አሥራ አራት አደረስኩት!»

«አንቺ ደግሞ ካቻቢቴ መቼ ጨብጠሽ ታውቂያለሽ?» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፤ ተሳሳቁ። አምስት ዓመት ምህንድስና ያስተማረኝ አባቴም አብሮ ሳቀ።

ቤት ሮጬ ደብተሩን አመጣሁ። የጻፍኩትን ስድብ መንገድ ላይ አስታወስኩ። ልቀደው አልቻልኩም፤ ቁጥሩና ስድቡ አንድ መስመር ላይ ናቸው። አባቴ ተቀብሎኝ ጮክ ብሎ አነበበ።

«የካሣዬ፣ አራት፤ የመሃይም ሥራ። የእኔ፣ አሥራ አራት።»

የሳቀ የለም። ጋሽ ካሣዬ ደብተሩን ከዓይናቸው አርቀው ያዙት።

«አሥራ አራት? በዚያ መንገድ?»

«መመሪያው እንደዚያ…»

«መመሪያውን የጻፈው ሰው ቴፒ ሄዶ ያውቃል?»

«አላውቅም።»

«አንቺስ አታውቂም? ተወልደሽ ያደግሽበት አይደለም እንዴ!» ካቻቢቴውን ሰጡኝ። «ወደ አራት መልሺው። ጮክ ብለሽ እየቆጠርሽ።»

በጉልበቴ ተንበረከክሁ። የግራው ብሎን ቀጭ ባለ ቁጥር ቆጠርኩ። «አሥር» ስል አባቴ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ቀኙ ገና ይቀረኝ ነበር።