የተዘለለው አባባል

ምንዳዬ በስደት በሚኖርበት ከተማ፣ ፊሊፕስ በሚባል ሰፈር ባለው የአማርኛ ቸርች የእንግዳ ሰባኪዎችን እንግሊዝኛ ሲተረጉም ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሚስቱ ማዕዶት በጥቅምት ሞተች። በቀብሯ ቀንም ሆነ ከዚያ ወዲህ ባሉት አራት ወራት እንባ አልወጣውም። ጠዋት የተማሪዎች አውቶቡስ ይነዳል፤ ከሰዓት ልጆቹን ይመልሳል፤ ማታ ለልጁ ለእድላዊት ፓስታ ይቀቅላል። እንዴት ነህ ሲሉት ደህና ነኝ ይላል። ሊዋሽ ብሎ አልነበረም፤ የሚያመው ነገር ቢፈልግም አላገኘም። ጥርስ ሊነቀል ማደንዘዣ ተወግቶ እንደደነዘዘ አገጭ ሆኖ ነበር።

የማዕዶት ታላቅ እህት የትምወርቅ ይህን ይቅር አላለችውም። እሷ መቃብሩ አፋፍ ላይ ወድቃ ሦስት ሰው ነው ያነሳት። ያን ቀን የምንዳዬን ደረቅ ዓይን አየች፤ ከዚያ ወዲህ ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ቃል አልሰጠችውም።

በየካቲት አንድ እሁድ ከጎረቤት ከተማ ከዌስት ሴንት ፖል አንድ ሽማግሌ ፓስተር ተጋብዘው መጡ። ድሮ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበሩ፤ ስብከታቸውን የሚያጣፍጡት አንድ የጥንት እንግሊዛዊ ባለቅኔ ስለ ሰው ጠባይ በተናገራቸው ቀልድ አዘል አባባሎች ነው። ምንዳዬ ማይክ ይዞ ጎናቸው ቆመ።

«ሰው የጎረቤቱን ጥፋት በመነጽር ያያል፤ የራሱን ለማየት ግን መጀመሪያ መነጽሩን ይጠርጋል፤ ሲጠርግ ይመሻል» ብሎ ተረጎመ። ምእመኑ ሳቀ። የምንዳዬ ፊት ምንም ስላልተንቀሳቀሰ ደግሞ ይበልጥ ሳቀ።

ሽማግሌው ወደ ሐዘን ተሻገሩ። ምንዳዬም ቃሉ እንደመጣለት ተናገረው፦ «ለቀስተኛ ግማሹን እንባ ለሟች ያፈሳል፤ ግማሹን ለሚያዩት።»

ሦስተኛው ረድፍ ላይ የትምወርቅ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

ሽማግሌው አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመሩ። ምንዳዬ ሰማው፤ ቃላቱም አልከበዱትም። አፉ ግን አልከፈት አለ። ፓስተሩ ጥቂት ጠበቁት፤ የጨረሰ ስለመሰላቸው ወደ ንባቡ አለፉ።

ከአምልኮ በኋላ ምድር ቤት ሻይ ሲቀርብ የትምወርቅ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«ያንን ያለው ሰውዬው ነው ወይስ አንተ?»

«እሳቸው ናቸው፣ እትዬ።»

አላመነችውም። በሕዝብ ፊት ልትሰድበኝ አራት ወር ጠብቀሃል አለችው። ይህን ጊዜ እድላዊት በእንግሊዝኛ ጣልቃ ገባች። አባቷ ከራሱ አልጨመረም፤ እንዲያውም የሚቀጥለውን ዘሎታል አለች። የትምወርቅ ልጅቷን በአማርኛ ንገሪኝ አለቻት። እድላዊት ቤት ውስጥ እንኳ በአማርኛ አትመልስም ነበር። እየተንተባተበች ሞከረች።

«ፓስተሩ ያላለቀሰውን ሰው ተዉት አለ። እሱና… ግሪፉ… ገና አልተገናኙም።»

«ግሪፍ ምንድን ነው?» አለች የትምወርቅ ወደ ምንዳዬ ዞራ።

«ሐዘን» አላት።

የትምወርቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለምን እንደዘለለው ጠየቀችው። አላውቅም፣ አፌ እምቢ አለኝ አላት። እሷም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰዎቹ ሲያነሱኝ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። «እህቴ ጉድጓድ ውስጥ ሆና፣ እኔን ሰው ስላየኝ።» ምንዳዬ ራሱን ነቀነቀ። አልፈረደባትም፤ ለመፍረድም አቅም አልነበረውም።

ያን ቀን ከእነሱ ጋር መኪና ውስጥ ገብታ ቤታቸው ሄደች። ማንም ያልነካውን የማዕዶትን ቁምሳጥን ከፍታ ልብሶቹን እያጠፈች አለቀሰች፤ ድምፅ ሳታሰማ። ምንዳዬ ከረጢቱን ከፍቶ ያዘላት። የማዕዶትን የክረምት ካፖርት ስትሰጠው እንደ እሷ ሊያጥፈው ሞከረ፤ እጅጌው አልገጥም አለው። ዘርግቶ እንደገና ጀመረ። የትምወርቅ ካፖርቱን ሳትቀበለው ጠበቀችው። አላለቀሰም። ሦስት ጊዜ አጥፎ ሲያበቃ ከረጢቱ ውስጥ አስቀመጠው፤ እሷም የሚቀጥለውን ልብስ አቀበለችው።