ለአፍያ ልጅ አልቃሽ

ከአቴና ወደ ጠርሴስ በተመለስኩ ዕለት የእህቴ ልጅ ሞቶ ጠበቀኝ። አምስት ዓመቱ ነበር። እኔ ሰባት ዓመት ኢስጦኢኮች ከሚባሉት ፈላስፎች ዘንድ ስማር ስለቆየሁ በሕይወት አላየሁትም። ታጥቦ፣ በነጭ በፍታ ተጠቅልሎ፣ አባታችን ይተኛበት በነበረው አልጋ ላይ ነው ያገኘሁት።

እህቴ አፍያ ከራስጌው ተቀምጣለች። ከአልጋው ማዶ ካርፖስ ቆሟል፤ እኛ ቤት የሚሰበሰቡት ክርስቲያኖች ሽማግሌ፣ በሙያው የበፍታ ሸማኔ። የፈላስፋ ካባዬንና ጺሜን ከላይ እስከ ታች አየና "ይኸው፣ ጺሙም መጣ" አለ።

"አልቃሽ ጥራልኝ" አለችኝ አፍያ ሰላም ሳትለኝ። "ፀሐይ ሳትጠልቅ ይቀበራል። ሳይለቀስለት አይወጣም።"

በከተማችን አልቃሾች የሚነሱት የሟች ዘመድ የሆነ ወንድ ደጃቸው ሄዶ ሲጠራቸው ብቻ ነው። አባታችን ሞቷል፣ ባሏን ባሕር በልቶታል። የቀረሁት እኔ ነኝ።

"አልቃሽ ያስጠራ ከማኅበራችን ማዕድ ይወጣል" አለ ካርፖስ። "ይህን ታውቂያለሽ፣ ልጄ። የወሰደው የሰጠው ነው። ሙሾ ማስወረድ እሱን መክሰስ ነው።"

እኔም መንገድ ላይ ያሰናዳሁት ነበረኝ። "አፍያ፣ ልጁ ያንቺ አልነበረም። በአደራ ነው የያዝሽው። ባለአደራ ደግሞ ባለቤቱ ሲመጣ አይጮህም።"

አፍያ ሳቀች። አሳሳቋ ደስ አይልም።

"ተመካክራችሁ ነው የመጣችሁት?"

"ከዚህ ሸማኔ ጋር?" አልኩ።

"እኔም ከዚህ ጺም ጋር አልማከርም" አለ ካርፖስ። "ፈላስፎቹ አምላክ የሚሉት እሳት ነው። ልጅን በስሙ አያውቅም።"

"ያንተው ስሙን አውቆ ምን አደረገለት?"

"በቃችሁ" አለች አፍያ። "በሌላው ሁሉ ተናከሱ፤ የእኔን አፍ መዝጋት ላይ ግን አንድ ናችሁ። ወንድም ጋሼ፣ ትሄዳለህ አትሄድም?"

አቴና ውስጥ በሰው ሐዘን አለመናወጥን ተምሬ ነበር። መርከብ ሰጠመ ሲባል ፊቴን ሳላጨማድድ እራቴን እበላ ነበር፤ መምህሬም አመስግኖኛል። አሁን ዓይኔን የት ላሳርፍ ብዬ የልጁን እግር አየሁ። የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር ሥር የወንዝ ጭቃ ቀርቷል። ያጠቡት ሰዎች አላዩትም።

ተነሣሁ።

"ከሄድክ የምታስወጣት አንተ ነህ" አለኝ ካርፖስ።

"ያስወጣኝ" አለች አፍያ። "ሂድ።"

ሁለት አልቃሾችና አንድ ዋሽንት ነፊ ይዤ ተመለስኩ። ትልቋ አልቃሽ ልጁን አየችና ወደ እኔ ዞረች። እናት አትጠየቅም፤ የጠራው ወንድ ነው የሚመልሰው።

"ምን ይወድ ነበር? በምን ይስቅ ነበር?"

የጥፍሩን ጭቃ እንደገና አየሁ።

"ጌታዬ፣ በባዶ ስም አላለቅስም። የሚጨበጥ ነገር ስጠኝ።"

"አላውቀውም" አልኩ።

ሴትየዋ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። ዋሽንት ነፊው ዋሽንቱን ከአፉ አወረደ። አፍያ አየችኝ። እንደዚያ የጠላኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

"ስጸልይ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ይጨምር ነበር" አለ ካርፖስ ከደጃፉ። ጀርባውን ሰጥቶን ነበር፤ አልዞረም። "ጨርሼ ስረግጠው ከጋኑ ጀርባ ሆኖ ይስቃል። አንድም ቀን አልተቆጣሁትም።"

አልቃሿ የጠጠሩን ነገር ተቀብላ ሙሾዋን ጀመረች። አፍያም ያን ጊዜ ጮኸች። ሁለታችንም ቆመን ቀረን። እስትንፋሷን ለመሰብሰብ ባረፈች ጊዜ "ውጡ" አለችን። "ሁለታችሁም።"

ደጅ ላይ ካርፖስ ጫማዎቹን አነሣ። እያንዳንዳቸውን ገልብጦ አራገፋቸው። ምንም አልወደቀም። ቆይቶ እንደገና አራገፋቸው።

"የወሰደው የሰጠው ነው" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። "ከአቴና ያመጣኸው ይሄን ነው?"

"አይ። እዚሁ ነው የሰማሁት፣ ካንተ።"

ይመታኛል ብዬ ነበር። አልመታኝም። ከውስጥ አልቃሿ ስለ ጠጠሩ ትላለች፣ አፍያ ትቀበላታለች።

"ማዕዱስ?" አልኩት። "ታስወጣታለህ?"

"እሷ ትወጣለች። ለአልቃሽ ቃል ያቀበልኩ እኔም እወጣለሁ" አለ። "አንተ ግን የምትወጣበት ማዕድ እንኳ የለህም።"

ጫማዎቹን በእጁ እንደያዘ በባዶ እግሩ ሄደ።