የቁስቋም የሜዳ ጨዋታ

ጋሽ ብርሃኔ አጥብቀው የሚወዷቸው ሦስት ነገሮች ነበሩ፤ የልጃቸው ልጅ ሮሐ፣ ኳስ፣ እና የዕድሩ ጥሩምባ። ጥሩምባውን ሠላሳ አንድ ዓመት ነፍተውታል። ቁስቋም ውስጥ ሰው ሲሞት ዳገቱን እየወጡና እየወረዱ ይነፉና የሟቹን ቤት፣ ቦታውንና ሰዓቱን ይጣራሉ። ከዚያ ወዲያ ቤቱ የሚቀር ሰው ካለ የታመመ ብቻ ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን የዕድሩ ጸሐፊ ኢታና የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተና ሞቱም፣ ስብሰባውም፣ የጽዳት ዘመቻውም በስልክ ሆነ። ጥሩምባው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ጋሽ ብርሃኔ አልተቀየምኩም ይላሉ። ተቀይመዋል።

ኢታና ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። መንገድ ዳር ጎሚስታ ቤት አለው፤ እሑድ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከነቤተሰቡ ቸርች ይሄዳል፣ በቀረው ቀን ጎማ ይለጥፋል። ጋሽ ብርሃኔም ቢቀየሙ ቢቀየሙ ከሰዓት በኋላቸውን የሚያሳልፉት እሱው ደጃፍ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ነው። ወሬያቸው ደግሞ አንድ ነው፤ ለዓለም ዋንጫ ማለፍ የሚከብደው ከየትኛው አህጉር ነው?

«ደቡብ አሜሪካ ነዋ!» ይላል ኢታና፣ የተነፋውን የጎማ ከመነዳሪ ውኃ ውስጥ እየነከረ። «አሥራ ስምንት ጨዋታ! አንዴ ብራዚል፣ አንዴ አርጀንቲና። ቦሊቪያ ሲሄዱ ደግሞ ትንፋሽ የለም። ከእንጦጦ ጫፍ በላይ ወጥቶ ኳስ መጫወት ማለት እኮ ነው ጋሽዬ።»

«አሥር አገር ተጫውቶ ስድስቱ በቀጥታ ያልፋል! ሰባተኛው እንኳ ሌላ ዕድል አለው! ይኼ ማጣሪያ ነው ወይስ ሠርግ?» ይላሉ ጋሽ ብርሃኔ። «አፍሪካ ከሃምሳ በላይ አገር ተሰልፎ በቀጥታ የሚያልፈው ዘጠኝ ነው። ከምድብህ አንደኛ ካልወጣህ የቀረው ሎተሪ ነው።»

«አውሮፓም እኮ በቀጥታ የሚያልፈው ከየምድቡ አንደኛው ብቻ ነው።»

«አሥራ ስድስት ቦታ ይዞ? ተወኝ እስቲ። ኒውዚላንድንማ አታንሳብኝ፤ የጫማዋን ማሰሪያ ሳታጠብቅ ነው ያለፈችው።»

ኢታና ያኔ እስያን ያመጣል፤ ረዥም ነው፣ ዙሩ አያልቅም ይላል። ጋሽ ብርሃኔ ስምንት በር ያለው ቤት ውስጥ መግባት ምን ይከብዳል ብለው ይመልሳሉ። ሲደክማቸው ግን ሁልጊዜ የሚያበቁት በአንድ ጥያቄ ነው። «እሺ፣ የእኛስ ልጆች? ደረጃውን የሚያሟላ ስታዲየም የለም ተብሎ የሜዳቸውን ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወቱ፣ ይኼ በየትኛው አህጉር ነው የሚቆጠረው?» ኢታና ያኔ አጎንብሶ ጎማውን ይለጥፋል።

ጋሽ ብርሃኔን ይህ ነገር የሚያንገበግባቸው በሮሐ ምክንያት ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ ከሁለቱ ሌላ ሰው የለም። ሮሐ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ የቁስቋም ሴቶች ቡድን አማካይ። በሰፈሮች ውድድር ላይ ሁለት ምድብ አለ፤ አንደኛው አራት ቡድን ይዞ ሁለት ያሳልፋል፣ የነሮሐ ደግሞ ስድስት ይዞ አንድ ብቻ። «እነዚያ ደቡብ አሜሪካ፣ እኛ አፍሪካ» ይላሉ ጋሽ ብርሃኔ። የክለብ አሰልጣኞች ተጫዋች ለመምረጥ የሚመጡት ምድቡን ያለፉትን ለማየት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት የሮሐ ዕድሜ ለዚህ ውድድር ያልፋል። ያለቻት ይህቺ ዓመት ብቻ ናት።

በዚያ ላይ ሜዳ የላቸውም። የቁስቋም ሜዳ ለግንባታ ከታጠረ ወዲህ ቡድኑ የሜዳዬ ነው የሚለውን ጨዋታ ሁሉ ዊንጌት ወርዶ ነው የሚጫወተው። ለቁስቋም ሰው ዊንጌት በሁለት ታክሲ ነው። ኢታና ግሩፑ ላይ ማስታወቂያ ይለጥፋል፣ አርባ ሰው እመጣለሁ ለማለት የአውራ ጣት ምልክት ያስቀምጣል፣ ከዚያ ጋሽ ብርሃኔ ሜዳው ዳር ብቻቸውን ቆመው ይጮኻሉ። አንድ ቀን ተሸንፈው ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ ሮሐ በመስኮቱ እያየች፣ «አባባ፣ የሜዳችን ጨዋታ ሲሉን ይገርመኛል። ሁሌ እንግዳ ነን እኮ» አለቻቸው። እዚያው ታክሲ ውስጥ የሰው ዓይን ባያፍሩ ያለቅሱ ነበር።

የመጨረሻው ጨዋታ እሑድ ዋለ። ከራሱ ከዊንጌት ቡድን ጋር፣ በዊንጌት ሜዳ፣ ቁስቋም ባለሜዳ ተብሎ! ዊንጌት አቻ ቢወጣ ያልፋል። ቁስቋም የግድ ማሸነፍ አለበት።

ሮሐ ማልያዋን በፌስታል ይዛ በጠዋት ወረደች። ጋሽ ብርሃኔ ከቅዳሴ መልስ ስልካቸውን ከፍተው ግሩፑን አዩ። ሃምሳ ሦስት አውራ ጣት። ስልኩን ዘጉና ቀና ሲሉ ዓይናቸው ጥሩምባው ላይ አረፈ።

ጥሩምባው ድሮም ለሞት ብቻ አልነበረም። ረዥሙ ለሞት፣ ሁለት አጫጭሩ ለስብሰባ ነበር፤ ስለዚህ ሁለት አጫጭር ቢነፉ ጥፋት አልታያቸውም። ያላሰቡት ነገር፣ ስብሰባን በስልክ የለመደ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ጥሩምባ ሲሰማ ስንቴ ተነፋ ብሎ እንደማይቆጥር ነው። ሁለተኛው ጥፋት የምላሳቸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የተጣሩት በአንድ መንገድ ነውና ያንኑ ተጣሩ።

«የብርሃኔ ቤት! ዊንጌት ሜዳ! ስምንት ሰዓት! እንዳትቀሩ!»

ኳስ የምትለዋን ቃል ዘለሏት። ይህን ጨዋታ የማያውቅ ሰው በቁስቋም ይኖራል ብለው አላሰቡም።

ሰው ከየበሩ ብቅ አለ። ጋሽ ብርሃኔ ዳገቱ አድክሟቸው ዓይናቸው ቀልቷል፣ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ማንም ምንም አልጠየቃቸውም፤ የገዛ ቤቱን መርዶ የሚነፋን ሰው ማን ሞተብህ ብሎ የሚጠይቅ አፍ ከየት ይመጣል? ጋሽ ብርሃኔ ግን ሰፈሩ ዛሬ እንዴት አከበረኝ ብለው ደስ እያላቸው ታክሲ ተሳፈሩ።

ሜዳው በዊንጌት ደጋፊ ጢም ብሏል፤ ከበሮ አለ፣ ፊሽካ አለ። የቁስቋም ልጆች ገና ሲገቡ አንገታቸውን ደፍተዋል። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ዊንጌት አገባ። ሮሐ ኳስ ሲመጣላት ቶሎ ትለቃለች፣ ሳይመጣላት ደግሞ አትጠይቅም። ጋሽ ብርሃኔ ጮኹ፣ ድምፃቸውን ግን ከበሮው ዋጠው። ዓመቱ በዚህች ከሰዓት በኋላ ሊያልቅ ነው።

ዕረፍት ሊወጡ ትንሽ ሲቀር አንድ አይሱዙ የታክሲ ተራውን አልፎ ሜዳው ዳር ቆመ። ላዩ ላይ የዕድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ድስት። ከኋላው ሁለት ሚኒባስ። ሰው ወረደ፣ ወረደ፣ አላልቅ አለ። ጥቁር የለበሰ አለ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከፊት ኢታና በቸርች ልብሱ እየሮጠ መጣና ጋሽ ብርሃኔን አቀፋቸው። ትከሻቸው ላይ ያለቅሳል።

«ጌታ ያጽናዎት፣ ጋሽዬ! ጌታ ያጽናዎት!»

«አሜን፣ አሜን። አንድ ለዜሮ ነው» አሉ ጋሽ ብርሃኔ፣ ጀርባውን መታ መታ እያደረጉ። «አይዞህ፣ እ... ገና ሁለተኛው ግማሽ አለ።»

ኢታና ቀና አለ። ጋሽ ብርሃኔን አየ፣ ሜዳውን አየ። እዚያ ሮሐ ኳሱን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ይዛ ልትወረውር ትዘጋጃለች።

የዕድሩ ዳኛ ወይዘሮ የሺሀረግም ያዩዋት ያኔ ነው። ጠዋት ማልያዋን ይዛ ስትወርድ በደጃቸው አልፋ ሰላም ብላቸዋለች፤ ጥሩምባውንና ዊንጌት ሜዳ መባሉን ሲሰሙ እዚያው ሜዳ ላይ ሞተች ብለው ያሰቡት እሷን ነው። የብርሃኔ ቤት ማለት ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ጥሩምባ እየነፋ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ሁለት ሰዓት ያህል ያቺን ልጅ ሲያለቅስ ነው የመጣው። ወይዘሮ የሺሀረግ ደረታቸውን ለመምታት ያነሱት እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ሮሐ!» ብለው ጮኹ። «ሮሐዬ! አለች! አለች እኮ!»

ከዚያ እልልታውን አቀለጡት። ተከትለው ሌሎቹ፣ ከዚያ ወንዶቹ በጭብጨባ፣ ከዚያ ሚኒባስ ውስጥ የቀሩት። በዊንጌት ሜዳ እንዲህ ያለ እልልታ ተሰምቶ አያውቅም። ከበሮው ቆመ። የጨዋታው ዳኛ በጩኸቱ ማጫወት ሲያቅተው የዕረፍቱን ፊሽካ ነፋ።

ሮሐ እየሮጠች መጣች። ጥቁሩን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እማማ የሺ፣ ማን ሞቶ ነው?»

«አንቺ!» አሏት ወይዘሮ የሺሀረግ። አንገቷን አቅፈው ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ ላቧን ሳሟት። ከኋላቸው ሰው ሁሉ ሊነካት ተጋፋ፤ ልጅቷ ከአንዱ እቅፍ ወደ ሌላው ስትሄድ ግራ ገብቷት ትስቃለች፣ ታለቅሳለች።

ጋሽ ብርሃኔ ነገሩ የገባቸው አሁን ነው። በገዛ አፋቸው፣ በገዛ ጥሩምባቸው፣ በሕይወት ባለች አንዲት ልጃቸው ላይ መርዶ ነፍተዋል! አማተቡ።

«ብርሃኔ» አሉ ወይዘሮ የሺሀረግ ወደ እሳቸው ዞረው፣ «አንተን እኔው ራሴ ነኝ የምቀብርህ!»

«የሺ፣ ጥፋቴ ነው። ሰው እንዲመጣላት ብዬ ነው። ይቺ ልጅ አራት ጨዋታ ብቻዋን... በቃ፣ ሰው እንዲመጣላት ብዬ ነው።»

የወይዘሮ የሺሀረግ ስልክ ቦርሳቸው ውስጥ ነው፤ አውራ ጣት ካስቀመጡት ሃምሳ ሦስቱ አንዷ እሳቸው ናቸው። ሜዳውን አዩ፣ ኢታናንም አዩ። ኢታናም ጫማውን ያያል።

«ያንተን ጉዳይ በኋላ እናየዋለን» አሉ በመጨረሻ። «ድንኳኑን እንዳትነኩት! እዚያው ይቆይ! ወንበሩን ብቻ አውርዱ።» ከዚያ ያዘቀዘቁትን ነጠላ ገለበጡና አቃንተው ለበሱ። ሴቶቹ ሁሉ አቃኑ። «አሁን ስንት ለስንት ነው ያላችሁት?»

ቁስቋም ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጦ ኳስ አየ፤ በሐዘን ቤት አግዳሚ ላይ። የጨዋታውን ሕግ ከግማሽ በላዩ አያውቀውም። ሮሐ ኳስ ስትነካ ግን እልል ይላል፣ ስትነጠቅም እልል ይላል፤ በሕይወት መኖሯ በቂ ነበረ። ልጅቷም ሌላ ሰው ሆነች። እጇን አንስታ ኳስ ትጠይቃለች፣ ጓደኞቿን ትቆጣለች፣ ወደፊት ትሄዳለች። ከዕረፍት በኋላ በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ከማዕዘን ያሻማችውን ኳስ የቁስቋም ተከላካይ በግንባሯ አገባችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት የጋሽ ብርሃኔን ዕድሜ ቀንሷል። ዊንጌት ሁሉንም ልጅ ወደ ኋላ መለሰ። ሊያበቃ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሮሐ በግራ በኩል አንዷን አልፋ፣ ሁለተኛዋ ጎትታት ልትወድቅ ስትል ኳሱን መሐል ጣለችው። ኳሱ የአንዷን ጉልበት መታ፣ የሌላዋን ጀርባ መታ፣ እየተንከባለለ ገባ። ቆንጆ ጎል አልነበረም። ወይዘሮ የሺሀረግ ግን ነጠላቸው ወድቆ፣ ስድሳ ሦስት ዓመታቸውን ረስተው ዘለሉ።

ሲያበቃ ኢታና መዝገቡን አግዳሚው ወንበር ላይ ዘረጋ። የዕድሩ ደንብ ነው፤ ጥሩምባ ተነፍቶ ሰው ከወጣ ስም ይጠራል። በቴሌግራሙ ዘመን ለሞት እንኳ ሃያ፣ ሃያ አምስት ቀሪ ይጽፍ ነበር። ሰዉ ከበበው፤ አንድ በአንድ ጠራ፣ አንድ በአንድ አቤት አሉ። የመጨረሻውን ስም ጠርቶ ሲያበቃ ገጹን ሁለት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች አየው።

«ጋሽዬ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያ የማለፍ ክርክራችን... ደቡብ አሜሪካ ያልኩትን ትቼዋለሁ። የሚከብደው ከቁስቋም ማለፍ ነው።»

«እኔም አፍሪካን ትቼዋለሁ» አሉ ጋሽ ብርሃኔ።

ሮሐ ጭቃዋን ሳታጥብ መጥታ አያቷ ብብት ሥር ገባች። ጥሩምባው በሌላው እጃቸው ነው። ወይዘሮ የሺሀረግ ያዩታል። «ግድግዳ ላይ እንዳትመልሰው» አሉ። «ግን ለኳስ ሲሆን አስቀድመህ ኳስ በል! ቅጣትህም ይኸው ነው፤ እስከ ፍጻሜው ድረስ ትነፋለህ።»

«አባባ» አለች ሮሐ፣ «ዛሬ በሜዳችን ተጫወትን አይደል?»

ጋሽ ብርሃኔ ራሷን አቀፉ። ኢታና እስክሪብቶውን አንስቶ ባዶ የቀሩትን ሁለት መስመሮች ሞላ።

የሟች ስም፦ የለም።

ቀሪ፦ የለም።