የኒክ ዳላስ ሰማንያ

ባሌ ጌጡ በሕይወት ካለ ሰው ይልቅ የሞተ ሰው ይወዳል። የሞተው ሰው ጣልያን ከሆነ፣ ባርኔጣ ካደረገና ፈረስ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ከእኔም ከልጆቹም ይበልጥበታል። ይህን የምለው በቅናት አይደለም። በ1994 ዓ.ም. ጥር ላይ ደብረ ታቦር የነበረ ሰው ሁሉ ይመሰክርልኛል፤ በተለይ ቤቴ መጥቶ የበላና የጠጣ።

ከመናኸሪያው ጀርባ ቪዲዮ ቤት ነበረን። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻ፣ አሥራ አራት አግዳሚ ወንበር። ሌሎቹ ቪዲዮ ቤቶች የህንድና የካራቴ ፊልም እያሳዩ ሲያተርፉ ጌጡ የሚያሳየው የካውቦይ ብቻ ነው፤ እሱንም አሜሪካኖች የሠሩትን ሳይሆን ጣልያኖች የሠሩትን። ልዩነቱን ማስረዳት ከጀመረ ቀኑ ይመሻል። እኔ የገባኝ የአሜሪካው ካውቦይ ጢሙን እንደሚላጭ፣ የጣልያኑ ግን እንደማይላጭ ብቻ ነው።

ግድግዳው ላይ ከመጽሔት የተቀደዱ ሰባት ፎቶዎች ነበሩ፤ ሁሉም የሙታን። አንዱ ፊልሙ በተጀመረ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚገደል ራሰ በራ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ እየተገደለ እንጀራውን በልቷል። ሌላው ያንኑ አንድ ተራራ ከአራት አቅጣጫ እያነሣ አራት ፊልም የሠራ አዘጋጅ ነው። ጌጡ በየፎቶው ጥግ ጥቁር ክር ያስርባቸዋል። የአንዳቸው ሙት ዓመት ሲደርስ ፊልሙን ከመክፈቱ በፊት ቆሞ የሕይወት ታሪክ ያነባል። ተመልካቹ ግማሹ ገብስ ሸጦ ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት ትንሽ ሊዝናና የገባ ገበሬ ነው፤ ሟቹ የት ከተማ እንደተወለደ ምኑም አይደለም። "በል ክፈተው" እያሉ ቢጮሁበትም ጌጡ አንድ መስመር አይዘልም።

ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ኒክ ዳላስ የሚባለውን ነበር። ኒክ ዳላስ ዳላስን ረግጧት አያውቅም። እናቱ ያወጣችለት ስም ቱሊዮ ማርካንቲ ነው፤ አሜሪካዊ ካልመሰለ ፊልሙ አይሸጥም ተብሎ ተለወጠ። እኛ አገር ስሙን የሚለውጥ ወይ የመነኮሰ ነው ወይ ሰው ገድሎ የጠፋ። ኒክ በየፊልሙ ከሚገድለው ሰው ብዛት ስነሣ የሚመደበው ከሁለተኛው ነው።

በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ላይ አንድ ሾፌር ወዳጁ ከአዲስ አበባ ጫማ አመጣለት። ጫማው የተጠቀለለበት ጋዜጣ ጥግ ላይ በትንንሽ ፊደል ኒክ ዳላስ መሞቱ ተጽፏል፤ ሮም ውስጥ፣ በኪራይ ክፍል፣ ብቻውን። ጌጡ ጫማውን ሳይለካ ቁጭ አለ። ከዚያ በጣቱ ቀን መቁጠር ጀመረ። ጋዜጣው የከረመ ስለነበር አርባው አልፏል።

"ሰማንያው ግን ይደርሳል" አለ።

እኔ ሳቅሁ። ተዝካር የሚወጣው ለአባትና ለእናት፣ ለወለዱትና ለቀበሩት ነው እንጂ ለቴሌቪዥን አይደለም አልኩት። ጋዜጣውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። እኔም ቀልዱ እዚያ ያለቀ መሰለኝ።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ልናገር። አባቴ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ያረፉበት ዓመት በረዶ ሰብሉን መትቶት ፍትሐቱ ብቻ ተፈታላቸውና ድግሱ ቀረ። በእኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአባቷን ተዝካር ያላወጣች ሴት ሰው ተዝካር ላይ ስትቀመጥ እንጀራው ጉሮሮዋ ላይ ይቆማል፤ ባይቆምም የጎረቤት ዓይን ያቆመዋል። ስለዚህ ወንድሜ ሙላቴ ጋሳይ ላይ አንድ ሰንጋ ሲያደልብልኝ ከረመ። ገብሱ ተዘጋጅቷል፣ ጌሾው ተወቅጧል። ለየካቲት አስቤ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሰንጋዬን ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ታስሮ አገኘሁት። ጌጡ ጋሳይ ድረስ ሄዶ፣ ወርቅነሽ ልካኝ ነው ብሎ በስሜ ወንድሜን አታልሎ፣ ራሱ እየነዳ አምጥቶታል። ከተማውንም ለኒክ ዳላስ ሰማንያ ጠርቶ ጨርሷል።

የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልደግመውም፤ ጾም ያስገድፋል። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። አባቴ በወረራው ዘመን ከሶላቶ ጋር ሲታኮሱ ከግራ እጃቸው ሁለት ጣት ጥለዋል። የእሳቸውን ሰንጋ አርደህ ለጣልያን ተዝካር ልታወጣ ነው ወይ አልኩት። ጣልያን በቁሙ እህላችንን የበላው አንሶ አሁን ደግሞ ሞቶ ሊበላን ነው ወይ አልኩት።

ጌጡ የሰንጋውን ገመድ እያጠበቀ፣ "አባትሽ ቀባሪ ነበራቸው፤ አልቃሽም ነበራቸው" አለኝ። "እሱ ግን ማንም አላለቀሰለት። የአባትሽን በሚቀጥለው ዓመት እናደርሳለን።"

ከተማ አንዴ ከተጠራ አይመለስም። ተዝካር ጠርቶ በሩን የዘጋ ቤት ልጆቹ እስኪያረጁ መተረቻ ይሆናል። ስለዚህ እያለቀስኩ ጠላ ጠመቅሁ።

ከተማው በመጀመሪያው ሳምንት ሳቀ። ባጃጅ እንኳ ገና ባልነበረበት ዘመን ወሬው ከገበያው እስከ ዳር ሰፈር በግማሽ ቀን ደረሰ፤ ጌጡ ለካውቦይ ሊያለቅስ ነው ተባለ። ሰንጋው እንደሚታረድ ሲሰማ ሳቁ ቀነሰ። ሰንጋው ሦስት ዓመት የደለበ መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ ሐዘኑ በረታ። የኒክን ፊት አይተው የማያውቁ ሰዎች "ደግ ሰው ነበር እኮ" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንዱ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ እንዲያውም ከልጅነቱ ጀምሮ እንደሚያውቀው ነግሮኛል።

ነገሩ የተሰናከለው መምሬ ማሩ ጋ ሲደርስ ነው። መምሬ ማሩ የንስሐ አባታችን ናቸው። ተዝካር ያለ ጸሎት ተራ ግብዣ ነው፤ ለሟች የሚደረግ ጸሎት ደግሞ ያለ ክርስትና ስም አይሆንም። ሰው በዓለም ስሙ ይነግዳል፣ ይሾማል፣ ይከሰሳል፤ ከሞተ በኋላ ግን በእግዚአብሔር ፊት የሚጠራው ሲጠመቅ በወጣለት ስም ነው። ጌጡ ሄዶ ሲለምናቸው መምሬ ይህንኑ ጠየቁት። ኒክ ነው አላቸው። ይህ አይደለም አሉት። እንግዲያው ቱሊዮ ነው አላቸው። ይህም አይደለም አሉት። ሁለት ስም ኖሮት አንዱም የማይረባው ሰው በዕድሜያቸው እንዳላዩ ነግረው ሸኙት።

ጌጡ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ያን ጊዜ ነው መላው የመጣልኝ። አንተ ድንኳኑን ትከል፣ መምሬን ለእኔ ተዋቸው አልኩት። እግዜር ይስጥሽ አለኝ። አፈርኩ ብል ውሸት ነው፤ ሳቄን ነው የደበቅሁት።

መምሬ ዘንድ ሄጄ እውነቱን አፍረጠረጥኩት። ሰንጋው የአባቴ ነው፣ ገብሱ የአባቴ ነው፣ የአባቴም ክርስትና ስም ኃይለ ጊዮርጊስ ነው። ጸሎቱ በዚህ ስም ይሁንልኝ፤ ሰዉ ለፈለገው ይብላ አልኳቸው።

መምሬ ጢማቸውን አሻሹ። "ለካውቦይ ብዬ አፌን አልከፍትም። ለኃይለ ጊዮርጊስ ግን ሳትለምኚኝም እከፍታለሁ" አሉ። ለባልሽ ትነግሪዋለሽ ወይ ሲሉኝ አልነግረውም አልኩ። እሳቸውም ካልጠየቀኝ እኔ ምን አገባኝ አሉና መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

ሰማንያው እሑድ ዋለ። ድንኳኑ ውስጥ የኒክ ትልቅ ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ቆመ፤ ሽጉጡን ወደ ሐዘንተኛው አነጣጥሯል። መምሬ ገና እንደገቡ ይህን መሣሪያ ሸፍኑልኝ ስላሉ ነጠላ ጣልንበት። አልቃሿ እትዬ ፈንታነሽም መጡ። እሳቸው የሟቹን ሙያ ሳያውቁ ሙሾ አያወርዱም፤ ስለዚህ ጌጡን ለብቻው ጠርተው ሙያውን ጠየቁት። ጌጡ የነገራቸው ፊልሙን ነው። እትዬ ፈንታነሽም እንደ እውነት ተቀብለው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አወረዱት፦

ሃያ ሰው ሲጥል ነው እኛስ የምናውቀው፣
ምን ያለው በሽታ ከፈረስ ነጠቀው።

ሴቱ ደረቱን ደቃ። ከጋሳይ የመጡ የአክስቴ ልጆች ሟቹ ሃያ ሰው የገደለ ሽፍታ መስሏቸው በአክብሮት ጭምር አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ለአባቴ።

ከዚያ መምሬ ማሩ ተነሡ። ጧፉ በራ፤ ሰዉ ቆመ። "ነፍሰ ገብርከ ኃይለ ጊዮርጊስ" ሲሉ ድምፃቸው ድንኳኑን ሞላው። ደገሙት። ዓይኔን ጌጡ ላይ ተከልኩ። የአባቴ ቀብር ላይ ቆሞ ነበርና ስሙን ያውቀዋል። መጀመሪያ በስሕተት የሰማ መስሎት ቀና አለ፤ ሁለተኛው ላይ ወደ እኔ ዞረ። ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን የያዘውን ጧፍ አጥፍቶ ወደ ቪዲዮ ቤቱ ገባ፤ ተመልሶም አልወጣ።

እኔ ያን ቀን እንደ ሙሽራ እናት ተንጎራደድኩ። አንዱን ብላ፣ አንዱን ጠጣ እያልኩ ሦስት ዓመት የተሸከምኩትን አወረድኩ። ሐዘንተኛው ጠግቦ፣ የኒክን ነፍስ ይማር እያለ፣ ሌላ ካውቦይ የሚሞተው መቼ እንደሆነ እየጠየቀ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ተበተነ። ያን ጊዜ ወደ ጌጡ ገባሁ። የምናገረውን ሁሉ አሰናድቼ ነበር፤ ጥሩ ጥሩ ነገር።

ፊት ካለው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም።

"የአባትሽን ስም ሰጠሻቸው" አለኝ።

"የአባቴን ሰንጋ ወስደህ የማንን እንድሰጥ ነበር?"

"ልክ ነሽ" አለ። በአሥራ ስምንት ዓመት ትዳራችን ልክ ነሽ ብሎኝ አያውቅም። ደነገጥኩ።

ከዚያ ነገረኝ። በ1970 ዓ.ም. ጎንደር ተማሪ ሳለ አባቱን ከቤታቸው ወሰዷቸው። በሦስተኛው ቀን መገደላቸው ተሰማ፤ ሬሳ አልተሰጠም። ማልቀስም ክልክል ነበር፤ ጥቁር የለበሰ ሰው የአብዮቱ ጠላት ተብሎ ይወሰዳል። እናቱ ነጭ ለብሳ ውኃ ስትቀዳ ዋለች። ጌጡም ቤት መቀመጥ ቢያቅተው ሲኒማ ቤት ገባ። ፊልሙ የኒክ ዳላስ ነበር። ኒክ መጨረሻ ላይ ተመትቶ አሸዋ ላይ ወደቀ።

"ጨለማ ነው፤ ማንም አያየኝም። አለቀስኩ" አለ። "አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ለፊልሙ የማለቅስ መስሎት ሳቀብኝ። በነጋታውም ሄድኩ። ሳምንቱን ሙሉ ሄድኩ። አባቴን ያለቀስኩት በእሱ ሬሳ ላይ ነው፤ ሌላ ሬሳ አልነበረኝም።"

አባቱ በደርግ ጊዜ መሞታቸውን አውቅ ነበር። እንዴት እንደሞቱ ግን አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። ታዲያ ለምን በቀጥታ ለአባትህ አታወጣላቸውም ነበር አልኩት፤ ድምፄ ቀጥኗል። ክርስትና ስማቸውን እንደማያውቀው ነገረኝ። እናቱ ሳትነግረው ሞተች፤ የንስሐ አባታቸውም ሞቱ፤ ክርስትና አባታቸውን የሚያውቅ የለም። ከዓመታት በፊት መምሬ ማሩን ለምኗቸው ስም አምጣ ብለውታል።

"መምሬ የኒክን ስም ሲጠሩ እኔ በልቤ አባቴን ልጠራ ነበር" አለ። "አንዴ ብቻ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ትስቂያለሽ ብዬ።"

አልስቅም ነበር ልለው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ደጅ ሴቶቹ ጋን ያጥባሉ፤ የሰንጋው ቆዳ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሙላቴ ሌላ ጥጃ አለው፣ በሁለት ዓመት ይደርሳል፣ ገብሱንም እኔ አስቀምጣለሁ፣ ለአባትህ ተዝካር እናወጣለን አልኩት።

ጌጡ ቀና ብሎ አየኝ።

"በማን ስም?" አለኝ።